የደናችንን ቁጥር ማን ይጻፈው? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በስልክ ከሰው ወደ ሰው ሲዘዋወር ከረመ። ለእኔም ከብዙ ሰው ደረሰኝ። ጎንደር ውስጥ በተፈጥሮ ሀብት ሥራ ላይ ካለነው ሰዎች ያላነበበው ያለ አይመስለኝም። ጉዳዩ የደን ባለሙያዎቻችን በዓለም አቀፍ መስፈርት መረጃ እንዲያቀርቡ ማሠልጠን ነው። ጸሐፊው ይህ ሥራ አያስፈልግም ይላሉ። ጽሑፉ በቁጭት የተጻፈ ነው፤ ቁጭታቸውን እጋራለሁ። መደምደሚያቸው ግን ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። ዝም ብዬ ላልፈው ያልቻልኩትም ይህን ሐሳብ ሰምተው «እውነት ነው፣ ሰው አንልክም» የሚሉ ኃላፊዎች ስለማይጠፉ ነው።

በመጀመሪያ ያሉትን ሳልቀንስ ሳልጨምር ላስቀምጥ። ደን ምን እንደሆነ የሚበይነው ሮም የተቀመጠ ድርጅት ነው፤ በዚያ መለኪያ ከተለካን የቤተ ክርስቲያን ደኖቻችንና የመተማ የእጣን ዛፎች ከመዝገብ ይወጣሉ ይላሉ። ሳተላይት ሁሉን ስለሚያይ ሰው ማሠልጠን ጊዜው ያለፈበት ነው ይላሉ። የአገራችን የደን ሽፋን አንዴ 3፣ አንዴ 11፣ አንዴ 15 በመቶ እየተባለ መቀያየሩ ስልጠናው ከንቱ እንደነበር ያሳያል ይላሉ። ስልጠና አበል ማከፋፈያ ሆኗል፤ የሠለጠነውም ሰው መሥሪያ ቤቱን ጥሎ ይሄዳል ይላሉ። በመጨረሻም ሪፖርቱ ለገበሬው ጠብ የሚያደርግለት ነገር ስለሌለ ገንዘቡ ችግኝ ይፍላበት ይላሉ።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ይህ ይበቃል። አሁን ወደ መልሴ ልግባ።

መለኪያው የማን ነው?

መቀመጫው ሮም የሆነው የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ማለትም ፋኦ፣ ደን የሚለው ከግማሽ ሄክታር በላይ የሆነ፣ ዛፎቹ ከ5 ሜትር በላይ የረዘሙ፣ ከላይ ሲታይም ቅርንጫፋቸው ከመሬቱ ከ10 በመቶ በላይ የሚሸፍን ቦታ ነው። ዛፎቹ ገና ትንንሽ ቢሆኑም እዚያው ቦታ ላይ ይህን መድረስ የሚችሉ ከሆነ ይቆጠራሉ። በዋናነት እርሻ ወይም ከተማ የሆነ መሬት አይቆጠርም። ጸሐፊው እስከዚህ ድረስ የጻፉት ትክክል ነው።

ያላነሱት ግን ኢትዮጵያ የራሷ ብያኔ እንዳላት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ላይ የዋለው የእኛ ብያኔ ከግማሽ ሄክታር ይነሳል። የዛፉ ቁመት ግን 2 ሜትር ነው፤ ሽፋኑም 20 በመቶ። ቀርከሃም በግልጽ ተካቷል። ቁመቱ ወደ 2 ሜትር የወረደው በምክንያት ነው። በደረቁ ቆላ ያለው የተፈጥሮ ደን ብዙ ጊዜ ከሁለትና ከሦስት ሜትር አይዘልም። በቀድሞው የ5 ሜትር መለኪያ ይህ ሁሉ ደን አልነበረም ማለት ነው። ደን ካልተባለ ደግሞ ለእርሻ ሲመነጠር የሚጠይቅ የለም። ሽፋኑ 20 በመቶ የተደረገው በተቃራኒው ነው፤ ክፉኛ የተራቆተ መሬት ደን እየተባለ ቁጥሩን እንዳያሳብጠው ነው። ይህን የወሰነው የራሳችን ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ነው። አገሪቱም በዚህ ብያኔ የሠራችውን የደን ልቀት መነሻ ስሌት፣ ማለትም ደን ሲጠፋ ወደ አየር የሚወጣውን የካርቦን ጋዝ ልክ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ለተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ስምምነት ጽሕፈት ቤት አቀረበች። ስሌቱ የተገመገመው በራሷ ብያኔ ነው።

እስቲ ይህን ልብ እንበል። ጸሐፊው የፈሩት ጉዳት፣ ማለትም የመተማ፣ የቋራና የአርማጭሆ ቆላ ደን ከመዝገብ መውጣት፣ የተከለከለው መለኪያውን ጠንቅቀው በሚያውቁ ሰዎች ነው። የ5 ሜትሩ መስመር ምን እንደሚቆርጥ ያላወቀ ሰው 2 ሜትር ይሁን ብሎ መከራከር አይችልም።

ፋኦም ቢሆን የአገራትን ብያኔ አይሰርዝም። አገራት ስለ ደናቸው የሚሞሉት የፋኦ ሪፖርት ቅጽ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በአገርህ የመሬት ምድቦች እነማን ናቸው? እንዴትስ ትበይናቸዋለህ?» ብሎ ነው። ከዚያ ያ ምድብ ወደ ጋራው ምድብ እንዴት እንደተቀየረ አስረዳ ይላል። ከደን በታች ለሆነው፣ ዛፉ ለሳሳው ወይም ከቁጥቋጦ ጋር ለተደባለቀው መሬት ደግሞ ራሱን የቻለ ምድብ አለው። ስለዚህ ጥያቄው የእኛ ደን የትኛው ምድብ ውስጥ ይግባ የሚለው ነው። ይህን የሚወስነው ቦታው ድረስ ሄዶ የለካውና ቅጹን የሚሞላው ሰው ነው።

የጋራ መለኪያ ለምን አስፈለገ ለሚለው፣ እህል በቁና የሚሰፈርበትን ገበያ ያስታወሰ ሰው ይገባዋል። የአንዱ ሰፋሪ ቁና ከሌላው ይለያል። በአንድ መንደር ውስጥ ችግር የለውም፤ ሁሉም ቁናውን ያውቀዋል። እህሉ ከወረዳ ወጥቶ ሲሸጥ ግን ኪሎ ያስፈልጋል። በኪሎ መመዘን ቁናውን አያስጥልም፤ የቁናውን ልክ በኪሎ የሚያውቅ ሰው ግን የግድ ይላል።

የቤተ ክርስቲያን ደኖችን በተመለከተ ጸሐፊው በከፊል ልክ ናቸው። አዲስ ዘመን አጠገብ እንዳለው እንደ ጣራ ገዳም ያሉት ሰፋፊዎቹ ያለ ጥርጥር ደን ናቸው። በየገጠሩ ያሉ ብዙ አጥቢያዎችም ከግማሽ ሄክታር ይበልጣሉ። ጥቂት ጽድና ወይራ ብቻ የቀረላቸው ትንንሾቹ ግን በፋኦም በእኛም ብያኔ አይቆጠሩም። የገበሬው የጓሮ ባሕር ዛፍም ከግማሽ ሄክታር ካነሰ እንዲሁ። ይህ እውነተኛ ክፍተት ነው። ነገር ግን ዞኑ ወይም ሀገረ ስብከቱ ለእነዚህ የተለየ መዝገብ እንዳያዘጋጅ የሚከለክል የለም። መዝገቡን የሚያዘጋጀውም ያው መለካት የሚችል ሰው ነው።

«ሳተላይት አለልን»

ይህ ክርክር ብዙ ሰው ያሳመነ ይመስለኛል። ላንድሳት የሚባሉት ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ምድርን ያነሳሉ። ሴንቲኔል ሁለት የሚባሉት 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ቦታ ለይተው ያሳያሉ። ምስሉ በነጻ ይገኛል። ታዲያ ተራራ ለተራራ የሚዞር ሰው ምን ያደርጋል?

መተማን ወይም ቋራን ለሚያውቅ ሰው መልሱ ቀላል ነው። የእጣን ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ በረጅሙ በጋ ባዶውን ይቆማል። የዚያን ጊዜ የተነሳ ምስል ላይ ደኑ የተራቆተ መሬት ይመስላል። ክረምት ላይ ቅጠሉ ሲመለስ ደግሞ ሰማዩ በደመና ይሸፈናል። ደመናው ገለጥ ሲል የሰሊጡና የማሽላው ማሳም አረንጓዴ ሆኖ ይጠብቃል። የቱ ደን፣ የቱ ማሳ እንደሆነ ለኮምፒውተሩ የሚያስተምረው ቦታውን የሚያውቅ ሰው ነው። የተሳሳተ ናሙና ከሰጠው የተሳሳተውን በመላው ዞን ላይ ያባዛዋል።

ባሕር ዛፍም አለ። ጎንደር ዙሪያ ገበሬው ባሕር ዛፉን ይቆርጣል፤ ጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደገና ይቆርጣል። ከሰማይ ለሚያየው ካርታ ይህ ደን የጠፋበት ቦታ ነው። በፋኦ ብያኔ ግን መሬቱ ለሌላ አገልግሎት እስካልዋለና ዛፉ ተመልሶ የሚያድግ እስከሆነ ድረስ ደንነቱ ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የዓለም የደን ለውጥ ካርታ ትልቅ ሥራ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። የሚያሳየው ግን የዛፍ ሽፋን ለውጥን ነው። የመሬት አጠቃቀም ለውጥን አይነግረንም። ሁለቱን ያልለየ ሰው ባሕር ዛፍ ሽጦ ልጁን የሚያስተምረውን ገበሬ ደን አውዳሚ አድርጎ ሊመዘግበው ይችላል።

ዛፉ ውስጥ የተከማቸው ካርቦንም ከላይ በማየት ብቻ አይለካም። የዛፉ ውፍረት ከመሬት በ1.3 ሜትር ከፍታ ላይ በሜትር ይለካል፤ ቁመቱ ይገመታል፤ ዝርያው ይለያል፤ ከዚያ ነው በቀመር ክብደቱ የሚሰላው። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በፋኦ ድጋፍ የተካሄደው ብሔራዊ የደን ቆጠራ የተሠራው እንዲህ ነው። ዛፉን በአካባቢው ስም የሚያውቅ ሰው ባይኖር ኖሮ ዝርያው ራሱ በትክክል አይሞላም ነበር።

አንድ ነገር ለጸሐፊው ልተው። የጸጥታው ሁኔታ ሜዳ መውጣት የማያስችልበት ጊዜ አለ። በክልላችን ይህን የማያውቅ የለም። ያኔ ሳተላይቱ ትልቅ እገዛ ነው፤ አንዳንዴም ብቸኛው አማራጭ ነው። ግን ያኔም ምስሉን የሚያነበው ሰው ቀደም ሲል ቦታውን በእግሩ የረገጠ ቢሆን ይመረጣል።

«ቁጥሩ ይቀያየራል፤ ስለዚህ አይታመንም»

የጽሑፉ ዋና ምሰሶ ይህ ነው። እዚህ ላይ ረዘም ልበል።

ቁጥሮቹን እንያቸው። ከ4 በመቶ በታች የሚለው ረጅምና ጥቅጥቅ ያለውን የተፈጥሮ ደን ብቻ ሲቆጥሩ የሚመጣ ነው። ፋኦ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው የዓለም የደን ሀብት ግምገማ ላይ የኢትዮጵያ ደን 12.5 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ነው፤ 11 በመቶ የሚባለው ከዚህ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ግምገማ ደግሞ 17 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ይላል፤ 15 በመቶ ማለት ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ብቻ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ አራት ሚሊዮን ተኩል ሄክታር ደን በቀለ ሊል ይችላል። ጸሐፊው ይህ ሊሆን እንደማይችል ገብቷቸዋል። እውነታቸውን ነው፤ አልበቀለም።

ታዲያ ምን ሆነ? ብያኔው ተቀየረ፤ የቆላው ደን ገባ፤ አዲስ ካርታና አዲስ ቆጠራ ተሠራ። ዋናው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሪፖርቱን ያዘጋጁት ሰዎች አዲሱን ቁጥር በአሮጌው ላይ ቀጥለው «ጨመርን» አላሉም። ወደ ኋላ ተመልሰው እስከ እ.ኤ.አ. 1990 ያለውን በአዲሱ ብያኔ እንደገና አሰሉት። በዚህ ስሌት በ1990 የነበረው ደን 19.3 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ነው። በ2020 ወደ 17.1 ሚሊዮን ወርዷል። በየዓመቱ ወደ 73 ሺህ ሄክታር እየቀነሰ ነው ማለት ነው። እድገት የሚመስለው ቁጥር ውስጥ ማሽቆልቆል እንዳለ ያሳየን ይህ ነው። የሚያስመሰግን ነገር ስላልሆነ ለመጻፍ ይከብዳል፤ ተጽፏል ግን።

ጸሐፊው ስልጠናው ከንቱ ነበር ለማለት ያቀረቡት ማስረጃ፣ እንደ እኔ አመለካከት፣ ስልጠናው የሠራበትን ቦታ ያሳያል። ብያኔ ሲቀየር የኋላውን ዓመታት አብሮ ማስተካከል በትምህርት የሚገኝ ጥንቃቄ ነው። ያልሠለጠነ ሰው 12.5 ሲል የነበረውን 17 ብሎ ያስተላልፍና ሁላችንም እናጨበጭባለን።

በመጥፎ ቁጥር ምን እንደሚደርስ ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያሻም። የኢትዮጵያ ደን ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶ ነበር፣ አሁን 3 በመቶ ደርሷል የሚለውን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ትምህርት ቤት ተምረነዋል። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ እንዳሳዩት ያ 40 በመቶ የሚባለው ቁጥር ጠንካራ ማስረጃ የለውም። ማን ለካው? በምን ብያኔ? መልስ የለም። 40ውና 3ቱ በአንድ መለኪያ ስለመለካታቸው እንኳ ማረጋገጫ የለም። እንዲህም ሆኖ ለአሥርት ዓመታት በፖሊሲ ሰነዶችና በንግግሮች ውስጥ ኖሯል። ልኩን የሚጠይቅ የሠለጠነ ሰው ሲጠፋ አንድ ቁጥር ስለተደጋገመ ብቻ እውነት ይሆናል።

ዛሬም ተመሳሳይ ጥያቄ ፊታችን አለ። መንግሥት የደን ሽፋኑ ከ17.2 በመቶ ወደ 23.6 በመቶ ማደጉን አስታውቋል። ይህን የሰማ ዜጋ ሦስት ነገር መጠየቅ አለበት፦ በየትኛው ብያኔ? በየትኞቹ ምስሎችና የሜዳ ናሙናዎች? ስሌቱ ውስጥ ሊኖር የሚችለው ስህተት ስንት ነው? እነዚህን የሚመልስልን በየክልሉና በየዞኑ ያለ ባለሙያ ነው። ጥያቄዎቹን ያመጣው ደግሞ ጸሐፊው የሚቃወሙት መስፈርት ነው። ፋኦ በ2020ው ግምገማ የእያንዳንዱን አገር መረጃ በጥራት በሦስት ደረጃ ከፍሎታል። ከፍተኛውን የሚያገኘው በአሥር ዓመት ውስጥ የተካሄደ ቆጠራ ያለው ወይም የሳተላይት መረጃውን በሜዳ ያረጋገጠ ነው። ዝቅተኛው የግምት መረጃ ነው። እንዲህ ያለ ደረጃ በአደባባይ መውጣቱ የሚጠቅመው እውነት ፈላጊውን ነው።

«ለምን ለሮም እናስረክባለን?» የሚል የሉዓላዊነት ጥያቄም በጽሑፉ መሐል አለ። አጭር መልስ አለኝ። እኛ ባንጽፍ ቁጥሩ ባዶ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1990 ግምገማ ላይ በቂ መረጃ ያልነበራቸው የሞቃታማው ዓለም አገራት የደን ለውጥ የሕዝብ ጥግግትን መሠረት ባደረገ ቀመር ነበር የተገመተው። ሰው በበዛበት ደን ያንሳል በሚል ሒሳብ ማለት ነው። ገዳሙ የጠበቀውን ደን፣ ማኅበረሰቡ የከለለውን ተራራ እንዲህ ያለ ቀመር አያውቀውም። ዛሬም ሪፖርት ለማያቀርቡ አገራትና ግዛቶች ፋኦ ራሱ ቢሮ ቁጭ ብሎ ጥናት ያዘጋጅላቸዋል። በ2020ው ግምገማ 236 አገራትና ግዛቶች ተካተዋል፤ የላከውም ያልላከውም። ያልላከው በሌላ ሰው ብዕር ተጽፏል። ለሉዓላዊነት የሚቆረቆር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የራሱን ቆጣሪ ማሠልጠን አለበት።

አበሉና የሚሄደው ሰው

እዚህ ላይ ጸሐፊው ብዙ እውነት አላቸው። አበል ለማግኘት ብቻ የሚመጣ ሰልጣኝ አይቻለሁ። ሥራው የማይመለከተው ኃላፊ ገብቶ ሥራው የሚመለከተው ልጅ የቀረበትን ስልጠና አይቻለሁ። ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተጀምሮ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የሚያልቅ፣ አንድ ዛፍ እንኳ ሳይለካ ሰርተፍኬት የሚሰጥበት ስልጠናም አለ። ተመልሶ ወረዳው ሲገባ ጂፒኤስ የለም፣ ኢንተርኔት የለም፣ ለሜዳ የሚሆን ነዳጅ የለም። ማንዋሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ በየቀበሌው ያለው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ደግሞ በአማርኛ ቢሆን በአንድ ቀን የሚገባው ነገር ነው። ይህን ሁሉ ጸሐፊው በመጻፋቸው ላመሰግናቸው ይገባል።

ከዚህ ተነስተው ግን «ስለዚህ ይቅር» ይላሉ። ይህን ድምዳሜ ጎንደር ላይ ሆኖ መቀበል ይከብዳል።

ይቺ ከተማ የአገሪቱን የመጀመሪያ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ያስተናገደች ናት። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ፈጀ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት አግዘውታል። ዓላማው ሐኪም እስኪበዛ መጠበቅ አልነበረም። የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድ ላይ አሠልጥኖ ወደ ገጠር መላክ ነበር። ተማሪዎቹ ትምህርታቸውን የጨረሱት ሜዳ ወርደው፣ ጤና ጣቢያ ገብተው፣ ከሕዝቡ ጋር እየሠሩ ነው። ከእነሱም መካከል በኋላ ሐኪም ለመሆን የሄዱ፣ ከአገር የወጡም አሉ። ስለዚህ ኮሌጁ ይዘጋ ያለ ግን የለም። የሚሄድ ስላለ ጨምሮ ማሠልጠን ነው የተመረጠው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ቆሟል።

በሽታን በዓለም አቀፍ ምድብ መመዝገብን ማንም «የነጭ መለኪያ» አላለውም። ወባ ወባ ተብሎ ስለተመዘገበ ነው መድኃኒቱ የሚላከው። ደኑ ላይ ስንደርስ ለምን ሌላ ሕግ እናወጣለን?

የሚሄደውን ሰው በተመለከተ መፍትሔው አንድ ሰው ላይ አለመንጠልጠል ነው። አሁን ባለው አሠራር አገሪቱ ለፋኦ ሪፖርት በይፋ የምትወክለው አንድ ብሔራዊ ተጠሪ አላት። እሱ አዲስ አበባ ነው። ተጠሪው ሲቀየር ብዙ ነገር አብሮት እንደሚጠፋ ማንም መገመት ይችላል። መረጃው ከታች ከዞን እየተጠናቀረ ቢመጣ፣ በእያንዳንዱ ዞንም ሥራውን የሚያውቁ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሰዎች ቢኖሩ፣ የአንዱ መሄድ ሥራውን አይገድለውም። የተሠራበት ዘዴ፣ የናሙናዎቹ ቦታ፣ የተወሰዱት ውሳኔዎች ሁሉ ተጽፈው ቢቀመጡ ደግሞ ተተኪው ከባዶ አይጀምርም። ዓለም አቀፉ መስፈርት አጥብቆ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፤ ሌላ ሰው ተከትሎ ሊደግመው በሚችል መልኩ ሥራህን ጻፍ ይላል። ለመሥሪያ ቤቶቻችን ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ልማድ አላውቅም።

ወንዶ ገነት እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የደን ባለሙያዎችን ሲያስተምር ኖሯል። የሰው ችግር የለብንም። የጎደለን ተመራቂውን ሜዳ ላይ የሚያቆየው መሣሪያና ደመወዝ ነው። ጸሐፊው ዱላቸውን እዚህ ላይ ቢያሳርፉ አብሬያቸው እቆማለሁ።

ገበሬው ምን አገኘ?

ይህ ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ነው። ብዙ ቦታ ላይ ያለው እውነተኛ መልስ «እስካሁን ምንም» የሚል ነው። መረጃው ከቀበሌ ይወሰዳል፤ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ተመልሶ አይመጣም። ቆጣሪ የመጣበት ገበሬ ዛፉ ለምን እንደተለካ ሳይነገረው ይቀራል። ይህ ነውር ነው።

ግን ሌላ ታሪክም አለ። ወላይታ ውስጥ ሁምቦ የሚባል ቦታ አለ። ተራራው ተራቁቶ ነበር። ማኅበረሰቡ 2,728 ሄክታር ከልሎ ጉቶው እንዲያቆጠቁጥ አደረገ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 በንጹህ ልማት ዘዴ፣ ማለትም የተቀነሰን የካርቦን ጋዝ ለመሸጥ በሚያስችለው ዓለም አቀፍ አሠራር፣ ተመዘገበ። በ2012 ከ73 ሺህ ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማስቀረቱ ተረጋግጦ ሰነድ ወጣለት። ገንዘቡ ለአካባቢው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ደረሰ፤ ከገንዘቡም የእህል ጎተራና ወፍጮ ቤት ተሠርቶበታል። ያ ገንዘብ የመጣው ዛፍ ስለተጠበቀ ብቻ አይደለም። ጣራ ገዳምም ዛፉን ጠብቋል፤ ሳንቲም አላገኘም። የሁምቦ ልዩነቱ የተጠበቀው ዛፍ በሚታወቅ ዘዴ ተለክቶ፣ ተመዝግቦ፣ በገለልተኛ መርማሪ መረጋገጡ ነው።

መተማና ቋራ ያሉት የእጣን ዛፎች ሁለት ጊዜ ዋጋ አላቸው፤ በእጣኑም በያዙት ካርቦንም። ያን ካርቦን ለመሸጥ የሚፈልግ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነገ ቢመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስንት ሄክታር፣ ስንት ዛፍ፣ ባለፉት ዓመታትስ ስንት ጠፋ የሚለውን ነው። መልሱን ከውጭ አማካሪ ካስመጣ ከገቢው ላይ ብዙውን አማካሪው ይወስደዋል። ዞኑ ውስጥ ያለ ሰው ከሠራው ገንዘቡ እዚሁ ይቀራል።

የጎንደር ከተማ ነዋሪም ከዚህ ውጭ አይደለም። የምንጠጣውን ውኃ የሚያጠራቅመው የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ነው። ደለሉ የሚመጣው ከላይ ከተራቆተው ተፋሰስ ነው። ከግድቡ በላይ ያለው የዛፍ ሽፋን እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ? የት ላይ ነው የተራቆተው? የሚተከለውስ የት ላይ ቢተከል ደለሉን ይይዛል? ለፋኦ ሪፖርት የሚሠለጥን ሰው የሚማረው ይህንኑ መለካት ነው። ሙያው ሮም አይቀርም፤ ሰውየው ሰኞ ጠዋት ቢሮው ሲገባ አብሮት ይገባል።

አሁን ወደ ችግኙ። ጸሐፊው የስልጠናው ብር ችግኝ ይፍላበት ብለዋል። አረንጓዴ አሻራ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲጀመር በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። በየዓመቱም በቢሊዮን ይተከላል። ችግኝ አላነሰንም። የሚያንሰን ከሁለት ክረምት በኋላ ተመልሶ ስንቱ ጸደቀ፣ ስንቱ ደረቀ፣ የትኛው ዝርያ በየትኛው አፈር ያዘ የሚለውን የሚቆጥር ሰው ነው። የተተከለ ችግኝና ደን አንድ አይደሉም። ችግኝ በቁጥር ይነገራል፤ ደን በሄክታር፣ በቁመትና በሽፋን ይለካል። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው መድረሱን የሚያረጋግጠው ያልተወደደው ያ ሪፖርት ነው።

ስለዚህ ለጸሐፊው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከእያንዳንዱ የችግኝ በጀት ላይ ትንሽ ድርሻ ለክትትልና ለልኬት ይመደብ። ስልጠናው ከሆቴል ወጥቶ አንገረብ ተፋሰስ ውስጥ፣ መተማ ቆላ ላይ ይሰጥ። ማንዋሉ በአማርኛ ይዘጋጅ። ሪፖርቱ አዲስ አበባና ሮም በሄደ ጊዜ የወረዳው ክፍል ተለይቶ በአማርኛ ለቀበሌው ይመለስ፤ ስብሰባ ላይም ይነበብ። በዚህ የሚስማሙ ከሆነ ለክልሉ የሚቀርበውን ደብዳቤ አብረን እንጻፍ። ከቅሬታቸው ግማሹ እዚያ ውስጥ ይገባል።